«ከእኔ ቤት ነው» ያለችው ኸይራት

ስለ ኸይራት ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ከታመሙት አንዱ ነኝ። የምተርከው ሰው የነገረኝን ሳይሆን በገዛ ሆዴ ያለፈውን ነው። ይህን የምለው በኋላ ስኮራባት በወዳጅነት እንዳዳላሁ እንዳይቆጠርብኝ ነው።

ስሜ ምንይሉ ነው። የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ሞጣ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ኸይራት አብዱልዋሂድ ደግሞ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ምግብ ቤት አላት። የምታስተዳድረውም፣ አስቤዛውን የምትገዛውም፣ ወጥ ቤት ገብታ ድስት የምትከፍተውም እሷው ናት። ሞጣ ውስጥ የሥጋ ነገር ሲመጣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በየቤቱ ይለያያል፤ ሽሮና ምስር ግን ሃይማኖት የላቸውም። ስለዚህ በጾም ወራት የእሷ ቤት መቀመጫ አይገኝበትም። አስተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የሚኒባስ ሹፌሩ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው።

ነገሩ የሆነው በዓቢይ ጾም በሁለተኛው ሳምንት ነው። ለመምህራን የሦስት ቀን ሥልጠና ተዘጋጀና ምሳው ከኸይራት ቤት እንዲመጣ ተደረገ። የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቀን ካሮትና ድንች ያለበት ሩዝ ቀረበ። ጣፋጭ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ አነሣሁ፤ ለዚህም ዋጋዬን አገኘሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አሠልጣኙ ስለ ትምህርት ዕቅድ ሲያብራራ፣ የሒሳብ መምህሩ ሣህለ ማርያም አፉን በእጁ ይዞ ወጣ። አልተመለሰም። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ወጡ። ከዚያ እኔን አላበኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ፤ በሩ ጋ ሳልደርስ ሆዴ ቀደመኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በአዳራሹ ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ የማያስመልስ ሰው አልነበረም። ጤና ጣቢያ ደርሰን ስንቆጠር አርባ አንድ ሆንን።

አልጋው አልበቃን ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይም፣ መሬት ላይም ተኛን። ጉሉኮስ የተሰቀለው በመስኮት ብረት ላይ ነበር። ወሬው ደግሞ ከበሽታው ፈጠነ። አንዱ «የቧንቧው ውሃ ነው» አለ። ሌላው «ዘይቱ ነው» አለ። ከዚያም የከፋ፣ ነገሩን ከሃይማኖት የሚያገናኝ ወሬ የሚያነሡ ነበሩ፤ እሱን አልደግመውም። በሞጣ እንዲህ ያለ ወሬ የት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ኸይራት የገባችው በዚህ መካከል ነው። ሽርጧን አልፈታችም። በሁለት እጇ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ድስት ይዛለች። ከበሩ ቆማ «ኃላፊዋ ማን ናት?» አለች።

ንጋት ወደ እሷ ሄደች። ንጋት ከደሴ ተመድባ የመጣች የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናት፤ ያን ጊዜ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

«ከእኔ ቤት ነው» አለቻት ኸይራት፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ውሃው አይደለም፤ ውሃውን ሁላችንም ጠጥተናል። ሽሮ የበሉት ሠራተኞቼ ደህና ናቸው። ሩዝ የበላችው ወጥ ሠሪዬ ሀሲና ግን እንደነዚህ ተኝታለች። ሩዙ ትናንት አመሻሽ ላይ ነው የተቀቀለው። በድስቱ እንዳለ አደረ፤ ዛሬ አሙቀን አቀረብነው። የተረፈው ይኸው፤ መርምሩት።»

ንጋት ድስቱን ተቀብላ፣ የተቀቀለበትን ሰዓት፣ የቀረበበትን ሰዓት፣ የበሉትን ሰዎች ብዛት አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ኸይራት ሳታቅማማ መለሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ቧንቧው የተናገረ የለም፤ ያ የከፋ ወሬም በዚያው ሞተ። እኛም እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ሁላችንም በእግራችን ወደየቤታችን ሄድን።

ያን ቀን ኸይራት ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ወንድሟ አብዱራዛቅ በር ላይ ሲይዛት ከእኔ ራስጌ ካለው መስኮት ሰማሁ።

«ምን አደረግሽ? ማንም ሳይጠይቅሽ!»

«ሳይጠይቁኝ ነው እንጂ መናገር፤ ከጠየቁኝ በኋላማ ማን ያምነኛል?»

በማግስቱ ምግብ ቤቱን ዘጋች። ዝጊ ብሎ ያዘዛት አልነበረም። ከዚያ ሀሲናን አስከትላ ከቤት ቤት ዞረች፤ አርባ አንዳችንንም። እኔ ቤት የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ባለቤቴ ይርጋነሽ ገና አልበረደላትም ነበርና ተቀመጡ እንኳ አላለቻቸውም።

ኸይራት ቆማ ተናገረች። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። የሰው ባል፣ የሰው አባት አሳምሜያለሁ።»

ሀሲና ማልቀስ ጀመረች። ወጥ ቤቱን ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የያዘችው እሷ ናት። «እኔ ነኝ ያሳደርኩት፤ እሷ ምን ታርግ» አለች።

«እኔ ያሳየኋትን ነው የሠራችው» አለች ኸይራት። «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ እስከ ዛሬ ምንም ስላልሆነ ልክ መስሎን። ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ የማላውቀውን ነገር ነው ሳስተዳድር የኖርኩት።»

ይርጋነሽ ይህን ስትሰማ ሁለት በርጩማ አመጣች።

ኸይራት እንደተቀመጠች ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ አንተ ስለ ጀርም ነው የምታስተምረው። እስቲ ንገረኝ፤ ሩዙ ፈልቷል፤ ጠዋት ደግሞ አሙቀነዋል። እሳት ሁለት ጊዜ ካለፈበት ነገር ውስጥ ምን ይተርፋል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ፈተናም አወጣበታለሁ። አንዳንድ ባክቴሪያ ክፉ ቀን ሲመጣበት እንደ ደረቅ ዘር ይሆናል፤ የፈላ ውሃ አይገድለውም። ሙቀቱ ሲበርድለት ይነቃል፣ ይራባል፣ ምግቡ ውስጥ መርዝ ይተዋል። መርዙ አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ይህንን ነገርኳት። በሕይወቴ አንድም ቀን ይህ ነገር በምበላው ሩዝ ውስጥ ይኖራል ብዬ እንዳላሰብኩ ግን አፍሬ ሳልነግራት ቀረሁ።

አቀርቅራ ስትሰማ ቆየችና «ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ለልጆች ብቻ ለምንድን ነው የምታስተምሩት?» አለች።

ምግብ ቤቱ ተዘግቶ በቆየባቸው ሳምንታት ከሥራ በኋላ እዚያ ማምሸት የጀመርኩት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ንጋትም ትመጣለች። እኔ የትምህርት ቤቱን የመስታወት ቴርሞሜትር ይዤ ስሄድ ንጋት ከእጄ ተቀበለችኝና «መምህር፣ ይህ ወጥ ውስጥ ቢሰበርስ? ሁለተኛ ጥፋት ሊጨምሩባቸው ነው?» ብላ አሳፈረችኝ። አብዱራዛቅ ለአባቱ ሱቅ ጨርቅ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሲወርድ እንደ ወፍራም መርፌ ያለ፣ ጫፉ ብረት የሆነ የምግብ ቴርሞሜትር ፈልጎ አመጣ። ለእህቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦላት ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ ጤና ጣቢያው ነገር ሲቆጣት ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሩዝ ቀቀልን። ግማሹን በትልቁ ድስት ተውነው፤ ግማሹን በሰፋፊ ትሪ በስሱ ዘርግተን መስኮት አጠገብ አስቀመጥነው። በትሪ ያለው በአንድ ሰዓት ውስጥ በረደ። የድስቱን መሐል ስድስት ሰዓት ከቆየ በኋላ ኸይራት በብረቱ ስትወጋው አርባ ዲግሪ ሆኖ አገኘችው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ላዩን ስነካው ቀዝቃዛ ነው እኮ!» አለች። «ውስጡ ግን እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሞቆ ነው የሚያድረው። እኛ ነን እየታቀፍን ስናስፈለፍል የኖርነው።»

ንጋት ሳቀች። «ከዚህ በኋላ እኔ ሳስተምርም በዶሮዋ ነው የምናገረው፤ ከመጽሐፉ ይሻላል።»

ብዙ ነገር ተለወጠ። ትኩስ መቆየት ያለበት ከስልሳ ዲግሪ በላይ ይቆያል፤ መቀዝቀዝ ያለበት በሰፊ ዕቃ ተዘርግቶ ቶሎ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ በዚያ መካከል የቆየ ይደፋል። ጥሬ ሥጋ የሚከተፍበት መክተፊያ እጀታው ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ሰላጣ በዚያ ላይ ያረፈ ቀን ጉድ ይፈላል። እጅ መታጠቢያው ከጓሮ ተነሥቶ ወጥ ቤቱ መግቢያ ላይ ተተከለ፤ ሩቅ ከሆነ ማንም እንደማይሄድ ኸይራት ራሷን አይታ ታውቀዋለችና። ንጋትን በጣም ያስደነቃት ግን ሌላ ነው። ሆዷን የታመመች ሠራተኛ ቤቷ ትተኛለች፤ ቀኑም አይቆረጥባትም። «ከቆረጥኩባት ትደብቀኛለች» አለች ኸይራት፤ «ደብቃኝ ሊጥ ከምትነካ ተኝታ ብትበላኝ ይሻለኛል።»

ከዚያ ምግብ ቤቱ ተከፈተ፤ ሰው ግን አልመጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ሲወለውሉ ነው የዋሉት። እኔ ሄጄ በላሁ። ጀግንነት አይደለም፤ ወጥ ቤቱን በዓይኔ ስላየሁ ነው። ይርጋነሽ «አንተ አትማርም» ብላኝ ነበር። ከእኔ ሌላ በየቀኑ የሚመጡት ሐጂ አብዱልዋሂድ፣ አባቷ ናቸው። ሐጂ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከቤታቸው ውጭ ምግብ በልተው አያውቁም፤ ሴት ልጃቸው ምግብ ቤት ስትከፍትም ብዙ ደስ አላላቸውም ነበር ይባላል። አሁን ግን በቀጥታ ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለውን ጠረጴዛ ይይዛሉ። ቀስ ብለው ይበላሉ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያያቸው ሰላምታ እየሰጡ ነው የሚጎርሱት።

«አባ፣ ይብቃዎት፤ ሆድዎ ይታመማል» ስትላቸው፣

«እንዳይታመም አይደለም እንዴ የተማርሽው? ጨምሪልኝ» አሏት።

ኸይራት ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሣህለ ማርያም ሦስት መምህራን ይዞ ገባ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ተመልሶ ሞላ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ቢቸና ላይ የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጀ፤ ከየወረዳው ተማሪ፣ መምህርና እንግዳ ተደምሮ መቶ ሰማንያ ሰው ይሆናል። ምሳውን የሚያቀርቡት ገላው የሚባሉ የከተማው ሆቴል ባለቤት ናቸው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቃቸው፣ ረጅም፣ ቁጡ፣ ደግ ሰው ናቸው። ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ማብላት አስግቷቸው ስለ ኸይራት ሲሰሙ፣ ለዚያ ቀን ወጥ ቤቱን እንድትመራላቸው ለመኗት። ዓርብ ነበር፤ ጾም ስለሆነ ምስር፣ ድንችና ጎመን ታሰበ።

እኔና ሦስት ተማሪዎቼ ከእሷ ጋር በአንድ ሚኒባስ ነው የሄድነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ወጥ ቤቱ ስንገባ ሦስት ትልልቅ ብረት ድስት ተከድኖ ተደርድሯል። ገላው በሩ ላይ ተቀበሉን።

«አንቺ እንዳትደክሚ ብለን ትናንት ጨረስንልሽ! ደስታነሽ ናት፤ ወገቧ እስኪቆረጥ።»

ደስታነሽ የሆቴሉ ዋና ወጥ ሠሪ ናት። ፈገግ ብላ እጅ ነሣች። ኸይራት አጸፋውን መለሰችና ክዳኑን ከፈተች። ሽታው ያስጎመጃል። ከቦርሳዋ ያን ብረት አወጣችና የምስሩ መሐል ላይ ወጋችው። ሠላሳ አራት።

«መቼ ነው የወረደው?»

«ማታ ሁለት ሰዓት ላይ» አለች ደስታነሽ።

ኸይራት በጣቷ ቆጠረች። «አሥራ አንድ ሰዓት ቆይቷል።» ሌሎቹንም ወጋች። ከዚያ ክዳኑን መለሰችና «ጋሽ ገላው፣ ይህ አይበላም» አለች።

«ምን ሆኖ?»

«በድስቱ እንዳለ ስላደረ።»

ገላው ማንኪያ አነሡ፤ ቀመሱ። «ምን ሆነ? እንደ ማር ነው! ቅመሺው እንጂ!»

«የዚህ ነገር ክፋቱ እሱ ነው፤ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይለወጥም።»

«ምስር ነው እኮ የኔ እህት! ምስር ማንን ገደለ?»

«ሩዝም ማንንም አልገደለም ነበር፤ እኔ ግን አርባ አንድ ሰው አስተኝቼበታለሁ። ይኸው አንዱ» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ራሴን ነቀነቅኩ።

ገላው ድምፃቸው ከፍ አለ። እንግዳው ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፤ ስማቸው ይጠፋል፤ ሀገር ይስቅባቸዋል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ደስታነሽ ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ኸይራት መጀመሪያ ወደ እሷ ሄደች።

«እህቴ፣ እጅሽ የባለሙያ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ወጥ አይወጣልኝም። ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም፤ የሰዓቱ ነው። ነይ፣ እንደገና አብረን እንሥራ።»

ገላው ለመጨረሻ ጊዜ ሞከሩ። «እሺ፣ ለእንግዳው ሌላ ሥሪ። ይህን ግን መድፋት ነውር ነው፤ እግዜርም አይወደው። ለቅኔ ተማሪዎች እንስጠው፤ እነሱ ያመሰግኑናል።»

ኸይራት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። «ለእንግዳ የማልሰጠውን ለተማሪ ልስጥ? የእነሱ ሆድ የማን ነው?»

ሰውዬው ዞር አሉና «እንደፈለግሽ» ብለው ወጡ። ሦስቱም ድስት ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ተደፋ፤ ማንም እንዳያነሣው አመድ ተደረገበት። ያን ያህል ምግብ ሲደፋ ማየት ያማል፤ የምዋሸው የለኝም። ኸይራትም ፊቷን አዙራ ነበር።

ከዚያ ምስሩም ድንቹም ጎመኑም እንደገና ከገበያ ተገዝቶ ሥራ ተጀመረ። ውድድሩ ከምሳ በኋላ ነውና እኔና ተማሪዎቼ ድንች ላጥን። ደስታነሽ እያለቀሰች ጀምራ እየሳቀች ሽንኩርት ከተፈች። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንግዳው አዳራሹን ሞላ፤ ምግቡ ግን ገና ነው። ኸይራት እጇን ታጥባ ወጣችና ከመቶ ሰማንያ ሰው ፊት ቆመች።

«ምሳ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘገያል። የተዘጋጀው ምግብ በሚገባ ሳይቀዘቅዝ ስላደረ እንዲደፋ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የሆቴሉ ሠራተኞች ደክመው ሠርተዋል፤ እነሱን እንዳትወቅሱ። ርቧችሁ እንደሆነ እኔን ውቀሱኝ።»

መጀመሪያ ጉምጉምታ ሆነ። ፊት ለፊት የኔታ አካለ ወልድ ተቀምጠዋል፤ በአካባቢው የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ውድድሩን እንዲባርኩ የተጠሩ። የቅኔ ተማሪዎቹን ነገር የሆነ ሰው በጆሯቸው ሹክ ብሏቸው ኖሮ ከወንበራቸው ሳይነሡ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ደቅ አደረጉና «የበሰለውን የደፋች፣ የበሰለች ሴት ናት!» አሉ።

ቢቸና ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማብራሪያ አይፈልግም። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ተርቦ እንደዚያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ከተማሪዎቼ አንዱ «ጋሼ፣ የእኛ ሀገር ሴት ናት አይደል?» ሲለኝ «አዎ፣ የሞጣ ናት» አልኩት። ቢቸና ተወልጄ፣ ቢቸና ቆሜ፣ በሞጣ ኮራሁ።

ገላው ያን ቀን ሳይሰናበቷት ነው የቀሩት። ከአንድ ወር በኋላ ግን ሞጣ ድረስ መጡ። ወጥ ቤቷን ከጥግ እስከ ጥግ አዩ፤ ቀይ እጀታውን፣ ትሪዎቹን፣ በር ላይ ያለውን መታጠቢያ። ሲጨርሱ «የሆቴል ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራ አስኪያጅ ግን አልነበርኩም፤ ባለ ቁልፍ ነበርኩ» አሏት። ሌሎች የምግብ ቤት ባለቤቶችን እንድታሠለጥንበት አዳራሻቸውን እንደሚሰጡም ነገሯት።

እንደዚህ ሆኖ ተጀመረ። ንጋት የሚያስፈልገውን ፈቃድና ወረቀት አስተካከለች። መጀመሪያ ከቢቸናና ከሞጣ አሥራ አራት የምግብ ቤት አስተዳዳሪዎች መጡ፤ በሚቀጥለው ዙር ከየጥኖራና ከሮብ ገበያም ተጨመሩ። ኸይራት ሁልጊዜ የምትጀምረው በራሷ ነው፤ የታመሙትን ሰዎች ብዛት፣ የሠራችውን ስሕተት፣ ቤት ለቤት የዞረችበትን ቀን ትነግራቸዋለች። ሰው ለመሳቅ ተዘጋጅቶ መጥቶ ማስታወሻ ያወጣል። ሀሲና ደግሞ ድስት እየከፈተች፣ ብረቱን እየወጋች ታሳያለች፤ በዚህ ሥራ አሁን ከእሷ የሚበልጥ የለም። ባለፈው ዓመት ለኸይራት የምስክር ወረቀት ተሰጣት። እሷ መሳቢያ ውስጥ ልትከተው ስትል ሐጂ ተቀብለዋት ሱቃቸው ውስጥ ሰቀሉት። ጨርቅ ሊገዛ የገባ ሁሉ ሳያነበው አይወጣም።

በቅርቡ እሷ ቤት ምሳ ስበላ ስልኳ ጮኸ። ገላው ነበሩ። ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ እኔም ሰማሁ። ማቀዝቀዣቸው ተበላሽቶ አድሯል፤ ለሠርግ የተዘጋጀ አንድ ድስት ወጥ ነበረባቸው።

«ጋሽ ገላው፣ አደራዎን…» ብላ ስትጀምር አቋረጧት።

«ደፍቼዋለሁ! ምን እንዳደርግ ልጠይቅሽ አይደለም የደወልኩት። ደፍቼ፣ አዲሱን ጥጄ፣ ደስታነሽ እያማሰለች ነው። እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ኸይራት ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሽርጧን አጠበቀችና ወደ ወጥ ቤት እየሄደች «መምህር፣ ጎመን ልጨምርልህ?» አለችኝ።

አስጨመርኩ።